ክራንቻዬን ያተረፈው ውልቃት

እኔ አፌን በከንቱ የምከፍት ሴት አይደለሁም። ነቀምቴ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ይመሰክርልኛል፤ የማይመሰክር ካለም የዘነበች ወገን ነው። ያየሁትን አይቼ፣ የሰማሁትን ሰምቼ፣ ከንፈሬን ገጥሜ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ የኖርኩ ነኝ። እግዚአብሔር ግን ቀልድ ያውቃል። ያን ሁሉ ዘመን ዘግቼ የያዝኩትን አፍ አንድ ሐሙስ ጠዋት ወለል አድርጎ ከፈተውና አልዘጋም አለ! ያውም በሰው ፊት። ያውም በደርግ ጊዜ፣ የተከፈተ አፍ ሁሉ “ምን ሊል ይሆን?” ተብሎ በሚጠበቅበት ዘመን።

እስከ ዛሬ ያላወራሁት ሰዎቹ በሕይወት ስለነበሩ ነው። አሁን ግማሾቹ አልፈዋል፤ የቀሩትም ጆሯቸው ደክሟል። ስለዚህ ላውራው።

ነገሩ የጀመረው ከቀኝ ጆሮዬ ፊት ለፊት፣ ጉንጭና መንጋጋ ከሚገጣጠሙበት ላይ ነው። ሳኝክ ቋ! ይላል። ሳዛጋ ቋ! ጠዋት ስነሳ አገጬ ሌሊቱን ወፍጮ ቤት ያደረ ይመስል ይዝላል። ሕመሙ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ከመጋጠሚያው ይነሣና ቁልቁል ወደ ጥርስ ወርዶ፣ እዚያ ቁጭ ብሎ ጥርሱን ይከሳል። ራሱ አጥፍቶ በሌላ የሚያላክክ ሰው ከባሌ ዘመዶች መካከል ስለማውቅ፣ ይህን ጠባይ ቶሎ ልለየው ይገባኝ ነበር። አልለየሁትም። “ጥርሴን አመመኝ” ብዬ በእግሬ ሄጄ ለነቃዩ እጄን ሰጠሁ።

ነቃዩ የምለው በዚያን ጊዜ ጥርስ ይነቅል የነበረውን ድሬሰር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ አንዷን ሠርግ ላይ አይቻታለሁ፣ ቆንጆ ጥርስ አላት። የሚሠራበትንም ቤት አልናገርም። ሐሙስ ሐሙስ ጥርስ የሚነቀልበት ቤት ነበር፣ ይበቃል።

ታዲያ በዚያ ዘመን ዕቅድ የሌለው ነገር አልነበረም። ለገበሬው የእህል ዕቅድ፣ ለተማሪው የዘመቻ ዕቅድ፣ ለኔ እንኳ ለቀበሌው የምሰፋው የካኪ ልብስ ዕቅድ። ነቃዩም የጥርስ ዕቅድ ነበረው። የነቀለውን ሁሉ አጥቦ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ይከትና በመስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጣል፤ ወር ሲያልቅ ለገምጋሚዎች ያሳያል። ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ አንዴ ሜዳሊያ ተንጠልጥሎለታል፤ ዘንድሮም ሊደግም ቆርጧል። ሰውየው አልፎ አልፎ በሽተኛውን ትቶ ጠርሙሱን ያያል፤ ምን ያህል እንደጎደለ በዓይኑ ይለካል።

መጀመሪያ የመጨረሻዋን መንጋጋ ጥርሴን ነቀለ። ሕመሙ እዚያው ነው። “ጎረቤቷ ኖራለች” አለና ጎረቤቷን ነቀለ። ሕመሙ ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው ሐሙስ ሁለቱን ትንንሾች ዘሎ ክራንቻዬን በጉጠቱ ጫፍ ኳ ኳ አደረጋት።

“ይህች ናት” አለ። “ሥሯ ረጅም ነው፤ ሕመሙን ከሩቅ የምትስበው እሷ ናት። ለሚቀጥለው ሐሙስ።”

እኔ ግን ዓይኑ ወደ ጠርሙሱ ሲሄድ አየሁ። ክራንቻ ጠርሙስ ውስጥ ታምራለች።

እዚህ ላይ ክራንቻዬ ምኔ እንደሆነች ካልነገርኳችሁ አትረዱኝም። የልብስ ሰፊ ክራንቻ መቀሷ ነው። ወደ ሲሬ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለችው ክፍሌ ተቀምጬ፣ በሁለት እጄ ጨርቁን ይዤ፣ በእግሬ መኪናዋን እየረገጥኩ፣ ክሩን ቀጭ! የማደርገው በእሷ ነበር። የዩኒፎርም ወቅት መጥቷል። በዚያ ላይ ባሌን ከቀበርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ባልም ክራንቻም የሌላት ሴት ስትስቅ ምን እንደምትመስል ዘነበች ለከተማው ስታስረዳ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር።

ዘነበች የባሌ እህት ናት። የሷን ስም እጠራለሁ፤ አላፍርም። በዚያው ቤት ካርድ ክፍል ነበረች፤ በትንሽ መስኮት አንገቷን አውጥታ ለሰው ሁሉ ካርድ ትሰጣለች። ወንድሟ በሞተ ጊዜ፣ በቀብሩ ማግስት፣ “አፏን ዘግታ ነው የቀበረችው! አንዲት ዋይታ አልወጣትም” ብላ ከላይ ቀበሌ እስከ ታች ቀበሌ አዳረሰችልኝ። እውነት ነው፣ አፌን አልከፈትኩም። ልከፍተው ስል መንጋጋዬ አልታዘዝ አለ፤ በቢላ የተወጋሁ ያህል አመመኝና ለቅሶዬን ዋጥኩት። ይህን ለማን ልናገር? ባል ሞቶ “አገጬን አመመኝ” ይባላል? ዝም አልኩ። እሷ ግን ዝም አላለችም።

እንግዲህ የዚያን ሐሙስ ጠዋት በመስኮቷ ቀረብኩ።

“እንደምን አደርሽ?” አልኳት፣ ለወጉ።

“እግዚአብሔር ይመስገን። መጣሽ ደግሞ?” አለችና ገና ሐኪሙ ሳያየኝ ካርዴ ላይ “ለመንቀል” ብላ ጻፈች።

“ማን አለሽ ይነቀል ብሎ?”

“ሌላ ለምን ይመጣል እዚህ? ደግሞ ስሚኝ፣ ያ ምላስሽ ነው መንጋጋሽን ያናጋው።”

እኔ! ምላስ! ከመስኮቱ ገብቼ ላንቃት ነበር፤ ግን ጥርሴን ነክሼ ዞርኩ። መንጋጋዬም ቋ! አለ።

ሰልፉ እስከ ግቢው ዛፍ ድረስ ደርሷል። ጉንጩን በነጠላ ያሰረ፣ አገጩን በመዳፉ የደገፈ፣ ከኡኬ ከተማ የመጣ፣ ከቢላ ከተማ የመጣ። ከፊቴ አቶ ሸምሱ ቆሟል፤ ከጉራጌ አገር መጥቶ ከቤቴ ማዶ ሱቅ የከፈተ ጎረቤቴ ነው። ቁርስ ያልበላ ሰው ስለሆነ ከኪሱ ቆሎ እያወጣ ይቆረጥማል። ድንገት፣ ቋ!

የራሴ መስሎኝ መንጋጋዬን ያዝኩ። አፌ ግን ዝግ ነው። እንደገና፣ ቋ!

“አቶ ሸምሱ፣ ያንተ ነው?”

“ምኑ?”

“ይኸ ቋ የሚለው።”

ሰውየው ዓይኑ ፈጠጠ። “አንቺም ይሰማሻል እንዴ? ወላሂ፣ ሚስቴ እራት ስንበላ አይጥ ነው ብላ ድመት አምጥታለች! ድመቷም እኮ እኔ ባኘክሁ ቁጥር አፍ አፌን እያየች ታደባለች።”

ሳቅሁ፤ ሳቄም ቋ! አለ። ከኋላዬ ከቢላ የመጣ መፈክር አሰሚ ነበር። በሰላማዊ ሰልፍ ቀን ድምፁ ጋራ የሚያናውጥ ሰው ነበር አሉ፤ ያን ቀን ግን አፉ ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም። በጥርሱ መሐል “እኔንም፣ እኔንም” ብሎ ጉንጩን አስያዘኝ፤ አገጩን ሲያንቀሳቅስ በጣቴ ሥር ልክ እንደ ጠጠር ቀጭ ቀጭ አለ። ሦስት ጥርስ አስነቅሏል። ሕመሙ አንዱንም ተከትሎ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመኝ! እኔ፣ ለሰላምታ እንኳ ቃል የምቆጥብ ሴት፣ በሰልፉ ላይ እየዞርኩ “እስቲ ክፈት፣ እስቲ ዝጊ” ማለት ጀመርኩ። ሁለት ጣቴን ከሰው ጆሮ ፊት እያደረግሁ እሰማለሁ። ይኸኛው ቋ! ያኛዋ ቀጭ! የኡኬዋ ሴትዮ ስትከፍት አገጯ ወደ ግራ ዞሮ ይመለሳል፣ መንገድ የጠፋበት ሰው ይመስል። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ለካስ ብቻዬን አይደለሁም! ለካስ እርግማን አይደለም፣ ለካስ ምላሴ አይደለም! ቋ የማይል አገጭ እስካጣ ድረስ ሄድኩ።

መጨረሻ ላይ አዴ ጋዲሴ አለች። ከሲሬ የመጣች ባልቴት ናት፤ ከአባቷ የወረሰችው ወጌሻነት አላት፣ የወለቀ ክንድ ትመልሳለች፣ የሰውም የጥጃም። ጣቴን ከጆሮዋ ፊት ባደርግ ጸጥ። ምንም የለም።

“እኔ ጥርስ ነው” አለችኝ በኦሮምኛ ቅላጼ። “በስብሷል፣ እይው። እነዚህ ሁሉ ግን ጥርስ አይደለም።”

“ታዲያ ምንድን ነው?”

“ማጠፊያው ነዋ። እንደ በር ማጠፊያ። እናንተ በር ሲጮህ ሳንቃውን ነው የምትነቅሉት?”

አቶ ሸምሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህን የመሰለ እውነት በነፃ ተነግሮኝ፣ ጋዋን ስላልለበሰች ናቅኋት!

“ለምን ይሆን ግን ይህን ያህል ሰው?” አልኳት ለጨዋታ ያህል።

አዴ ጋዲሴ ግራና ቀኝ ተገላመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ሰው ቀን የዋጠውን ቃል ሌሊት ያላምጠዋል” አለች።

አቶ ሸምሱ የቆሎውን ኪስ ዘጋ። የቢላው ሰው እግሩን አየ። እኔም በቀበሌው ስብሰባ የዋጥኩትን፣ በቀብሩ ቀን የዋጥኩትን፣ አሁን በዘነበች መስኮት የዋጥኩትን አሰብኩና በሰባት መንጋጋ እንኳ አላምጬ እንደማልጨርሰው ገባኝ። ወዲያው “ቀጣይ!” ተባልኩ።

ንግግሬን አዘጋጅቻለሁ። መኪናዬን እየረገጥኩ ሳምንቱን ሙሉ ነው ያጠናሁት፦ “ጓድ፣ ይህች ጥርስ ጤነኛ ናት። እጅህን አንሳ።” አጭር ናት፣ ትምክህት የላትም፣ ቀበሌም ቢሰማት አያስከስስም።

“ጓድ” አልኩ ወንበሩ ላይ ሳልደላደል።

“መጀመሪያ ልየው። ክፈቺ።”

“ይህች ጥርስ...”

“ክፈቺ አልኩ! ማደንዘዣ ካለቀ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ነው የሚሠራው።”

ከፈትኩ።

“በሰፊው!”

ጨመርኩ።

“ምነው ሰስተሽ? እንደ ሰልፍ ቀን ክፈቺው እንጂ!”

እልኽ ያዘኝና እስከ ጥግ ከፈትኩት። ቋ! አለ። የዛሬው ቋ ግን የወትሮው ቋ አይደለም። ከሁለት ወገን፣ እንደተጣለ ጭነት፣ ድው ብሎ ወረደ። ልዘጋው ብል እምቢ። ልናገር ብል የሚወጣው “ኣኣኧ” ብቻ። አገጬ ደረቴ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

ነቃዩ ደስ አለው። “ጎሽ! ጎሽ! እንዲህ የሚተባበር ታካሚ አይቼ አላውቅም። ሁሉም እንዳንቺ ቢሆን ዕቅዱ በግማሽ ወር ይሞላ ነበር።”

“ኣኣ! ኣኧኣ!”

“ገና ሳልነካሽ?” ጉጠቱን አነሣ። በመስኮቱ ደፍ ላይ ያለውን ጠርሙስ በአንድ ዓይኑ አየው።

ሰዎች፣ እኔ እልኸኛ እንጂ ደፋር አይደለሁም። ያን ቀን ግን ጉጠቱን ከእጁ መንትፌ፣ አፌን እንደ ጎተራ በር ከፍቼ፣ “ኣኣኣ!” እያልኩ በሩን በርግጄ ወጣሁ። ጉጠቱን እንዳይቀማኝ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ይዤዋለሁ።

እስቲ አስቡት። በደርግ ዘመን፣ በግቢ የቆመ ሰልፍ፣ በሩ ተበርግዶ አንዲት ሴት ክንዷን ሽቅብ አንሥታ፣ አፏን ከፍታ፣ እየጮኸች ስትወጣ ምን ይባላል? የቢላው ሰው አላመነታም። ልማድ ነው፤ ግራ እጁን ጨብጦ አነሣና በጥርሱ መሐል “ይውደም!” አለ። የግቢው ዘበኛ ዱላውን ጥሎ ግራ እጁን አነሣ። አቶ ሸምሱ ቆሎው እየተበተነ አነሣ። ከዚያ ሰልፉ በሙሉ፦

“ይውደም!”

ማን እንደሚወድም የጠየቀ የለም። ግን ያ ሁሉ አፍ ባንድ ጊዜ ሲከፈት ያ ሁሉ መንጋጋ ባንድ ጊዜ ቋ! ቋቋ! ቋ! አለ፤ እሳት ላይ የፈነዳ ፈንድሻ ነው የሚመስለው። እኔ “ኣኣኣ!” እላለሁ፤ እነሱ “ይውደም!” ይላሉ፤ ቋቋቋ! እኔ “አይደለም!” ለማለት ጉጠቱን ባወዛወዝኩ ቁጥር እነሱ ይበልጥ ይጋጋላሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ታዞኝ አያውቅም።

ዘነበች አንገቷን በመስኮት አወጣች። “ሰፈረባት! ጠበል አምጡ! ብዬ ነበር፣ ብዬ ነበር!”

ለሃጬ በአገጬ ይወርዳል፤ እንባዬም እንደዚያው። ቃል የለኝ፣ ነጠላዬ ወድቋል። ያን ጊዜ አንዲት ጠንካራ እጅ ክንዴን ያዘችኝ።

“ያ እንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ህን ሶዳትን” አለች አዴ ጋዲሴ፣ አትፍሪ ማለቷ ነው። መሬት ላይ አስቀምጣ ጀርባዬን ከግድግዳው አስደገፈችኝ። የነጠላዋን ጫፍ በሁለት አውራ ጣቶቿ ላይ ጠመጠመች። “ማጠፊያው ወጥቷል። አሁን እመልሰዋለሁ።”

ነቃዩ ጋዋኑ እየተውለበለበ ደረሰ። “ታካሚዬን ልቀቂ! አንቺ ማን ነሽ? ጋዋን እንኳ የለሽም!”

“ጋዋኑ ከሆነ አውልቅና ስጠኝ” አለችው።

ሰልፉ ሳቀ፤ ቋቋ! ነቃዩ በቁጣ ቀላ። ሰው ሁሉ እያየው ነው፣ ወሩም እያለቀ ነው። ከእጄ ጉጠቱን ነጠቀኝና አጠገቤ ተንበረከከ። “እሺ፣ መልሺው። ግን ከመዝጋትሽ በፊት ይህችን ልንቀላት። መቼም አሁን ተከፍቷል!” ብሎ ጠቋሚ ጣቱን አስገብቶ ክራንቻዬን ያዛት።

“ጣትህን አውጣ” አለች አዴ ጋዲሴ።

“አላወጣም!”

“አውጣ ብዬሃለሁ።”

“ሥራዬን አታስተምሪኝ!”

እሷም ሁለተኛ አልለመነችውም። አውራ ጣቶቿን ከታችኛው መንጋጋ ጥርሶቼ ላይ አኖረች፤ ቁልቁል ተጫነች፣ ወደ ኋላ ገፋች። ጆሮዬ ውስጥ እንደ ትልቅ በር “ግው!” አለ። እሷ ጣቶቿን ወደ ጉንጬ አሸሸች፤ ልምድ አላት። አፌ ግጥም ብሎ ተዘጋ።

ነቃዩ ልምድ አልነበረውም።

ጩኸቱ ሲሬ ሳይደርስ አይቀርም። ያች ያጠናኋትን ንግግር ለመናገር ጊዜው ነበር፤ ግን ጣቱ በጥርሶቼ መሐል ስለሆነ አልቻልኩም። መልእክቱ የደረሰው ይመስለኛል። ክራንቻዬ ጠበቃ አላስፈለጋትም፣ ራሷ ተናገረች። ቶሎ ልለቀው እችል ነበር? እችል ነበር። ስለ መጀመሪያዋ ጥርሴ ትንሽ ቆየሁ፤ ስለ ጎረቤቷም ትንሽ ጨመርኩ።

ከዚያ በኋላ የነቃዩን በር የነካ የለም። ሰልፉ ተጣጥፎ ዛፉ ሥር አዴ ጋዲሴ ፊት ቆመ። እሷም ተራ በተራ ጉንጭ እያሻሸች አዘዘች፦ ቆሎ ተው፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አድርግ፣ ስታዛጋ አገጭህን በእጅህ ደግፍ፣ ከንፈርህን ዝጋ ጥርስህን ግን አታጋጥም። ለቢላው ሰው “መፈክሩን ሌላ ያሰማ” አለችው፤ ይህን ብቻ ለማንም እንዳትናገሩ አደራ አለን። ለኔ ደግሞ ክር በጥርስ መቁረጥ ከለከለችኝ። ክራንቻዬን ያን ያህል ታግዬ ካተረፍኳት በኋላ ሥራ አስፈታችብኝ! መቀስ ገዛሁ። ክራንቻዬ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለች፣ ጡረታ ወጥታ።

ሰልፉ ገና ሳያልቅ አዴ ጋዲሴ ራሷ ለአፍታ ተነሥታ ወደ ነቃዩ ገባች፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መነቀል የሚገባው ጥርስ የነበራት እሷ ብቻ ናት። ጣቱን ጠቅልሎ በሌላው እጁ ነቀለላት። ጥሩ አድርጎ ነቀለ፣ አልዋሽም። ጠርሙሱ ግን ጎደለ። ወሩ ሲያልቅ ገምጋሚዎቹ ከጠርሙሱ ውስጥ የበግ ጥርስ አገኙ ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም። ሜዳሊያውን ግን እንዳላገኘ አውቃለሁ፤ ሪባኑን የምሰፋው እኔ ነበርኩ።

ነጠላዬን አንሥቼ ልወጣ ስል የካርድ ክፍሉ መስኮት ጠራኝ። ዘነበች ናት። ሳቅ የለ፣ ስድብ የለ። ሁለት ጣቷን ከጆሮዋ ፊት አድርጋለች።

“እኔንም እኮ እዚህ ጋ...” አለች። አፏን ቀስ ብላ ከፈተች። ቋ! አለ፤ እስከ እኔ ተሰማ።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ።”

ሁለት ዓመት ገደማ ያላመጥኩትን ቃል ያን ጊዜ አወጣሁት። “በቀብሩ ዕለት አፌን የዘጋሁት ለዚህ ነበር” አልኳት። “መጮህ ጠልቼ አልነበረም። አልከፈት ብሎኝ ነው።”

ዓይኗ ሞላ። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እኔም አልጠበቅሁም፣ ዘርዋን አውቃለሁ። ካርዴን ከእጄ ወሰደችና “ለመንቀል” የሚለውን በእርሳሷ ደጋግማ ሰረዘችው፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ።

“አዴ ጋዲሴ ታየኝ ይሆን?” አለች።

“ታይሻለች” አልኳት። “ተራሽን ጠብቀሽ። ከመጨረሻ ቁሚ።”

መስኮቷን ዘግታ ወጥታ እንደ ማንኛችንም ከኡኬዋ ሴትዮ ኋላ ቆመች። ተራዋ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ፀሐዩም ከባድ ነበር። እኔም ስፌቴን ትቼ እዚያው ዛፉ ሥር አጠገቧ ቆየሁ። ሰው ቢጠይቀኝ ስትጮህ መስማት ፈልጌ ነው እላለሁ።